ዳዊት ውስጥ የከረመው ፖስታ

ደወሉ ጮኸ...

በሁለት እጄ የሁለቱን የልጅ ልጆቼን አፍ ከደንኩ።

«አባባ፣ ማነው?» አለች ትንሿ ፀደይ በጣቶቼ መሃል።

«ዝም በይ! እንዳትተነፍሺ!»

መብራቱን ቀድሜ አጥፍቻለሁ። ቴሌቪዥኑንም ነቅያለሁ። ሰዓቱ ልክ አሥር ሰዓት ነው፤ የፍራንክፈርት ብርድ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል።

ከበሩ ማዶ ሰው ቆሟል... ትንፋሹ ይሰማኛል...

ደወሉ ሁለተኛ አልጮኸም። እግሩ ቀስ እያለ ደረጃውን ወረደ።

«ለእናታችሁ እንዳትነግሩ» አልኳቸው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

በራችን ሥር የተሸጎጠ ፖስታ አገኘሁ። ጀርመንኛ አላነብም። ቁጥር ግን አውቃለሁ። 24.12. ይላል። 16 ይላል። በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ማለት ነው።

ከታች የተጻፈውን ስም ወርጄ ከደወሉ ሰሌዳ ጋር አስተያየሁት... ፍራው ኬርበር። ከእኛ በታች የሚኖሩት አሮጊት።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ...

ቀድሞ ግሪስሃይም የሚባል ሰፈር ስንኖር ጎረቤት «የወጥ ሽታችሁ አስቸገረን» ብሎ ከሰሰን። አንድ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛ መጣ። በሦስተኛው ቤቱን ልቀቁ ተባልን። ልጄ ውድነሽ ቦርንሃይም ሰፈር ይህን ቤት እስክታገኝ ድረስ አምስት ወር በሰው ሳሎን ተኛን።

እዚህ ከገባን ሦስት ዓመታችን ነው። እኔ ግን ዛሬም ወረቀት ባየሁ ቁጥር ሻንጣዎቻችን የት እንዳሉ አያለሁ።

ስለዚህ በ24 በአሥር ሰዓት ሊያስወጡን ነው ብዬ ደመደምኩ። ውድነሽ ኤርፖርት ስታጸዳ ውላ ወገቧን ይዛ የምትገባ ልጅ ናት። በበዓል ሰሞን ምን ብዬ ላስደንግጣት?

ፖስታውን ዳዊቴ ውስጥ ደበቅሁት።

ቀኑ ደረሰ... ደወሉ ጮኸ... አልከፈትኩም... አለፈ።

ማንም አላስወጣንም። እኔ ግን ሁለተኛውን ደብዳቤ መጠበቅ ጀመርኩ።

የፈረንጁ ገና ሲያልፍ የእኛ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል። ጾሙ ሳይፈታ ውድነሽ ቅቤ ልታነጥር፣ ሽንኩርት ልታቁላላ ተነሳች።

«አባዬ፣ ይሄን እርጥብ ፎጣ በሩ ሥር ማነው የወተፈው?»

«እኔ ነኝ። ሽታ እንዳይወጣ።»

«ቅቤውን ገና መች አነጠርኩና!»

«አታንጥሪ። ሽንኩርትም አታቁላዪ። ዘንድሮ ዶሮው ይቅርብን።»

ማማሰያዋን ይዛ አፍጥጣ አየችኝ።

«ገና ያለ ዶሮ? ምነው፣ ጾሙ ተራዘመ እንዴ?»

ትልቋ የልጅ ልጄ ቤዚ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በማግስቱ ፍራው ኬርበርን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ሁልጊዜ «ሃሎ» ይሉኝ የነበሩት ሴት አንገታቸውን ደፍተው አለፉኝ።

አለቀልን አልኩ።

የእኛ ገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ፖስታውን ዘንግቼ፣ ቤዚን ዳዊቴን እንድታመጣልኝ ላክኋት። ስታነሳው ፖስታው ወደቀ...

ላነሳው ብል ቀደመችኝ። አሥር ዓመቷ ነው፤ ጀርመንኛ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። በዓይኗ ጨረሰችውና እየቆራረጠች በአማርኛ ነገረችኝ...

«ውድ ጎረቤቶቼ... ባለቤቴ መስከረም ላይ ሞተ። አርባ ዓመት ሙሉ የገናን ዛፍ አብረን ነበር የምናስጌጠው። ዘንድሮ ብቻዬን አልቻልኩም። ልጆቹ በ24 በአሥር ሰዓት መጥተው ያግዙኛል? እናታቸው ጾም መሆኑን ነግራኛለች። ብስኩቱን ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ጋግሬዋለሁ።»



«አባባ... ያን ቀን የደወሉት እሳቸው ነበሩ?»



በነጠላ ጫማዬ ደረጃውን ወረድኩ። ምን እንደምል አላውቅም። ቢያባርሩኝስ? ቢጮሁብኝስ?

በራቸው ክፍት ነበር...

ፍራው ኬርበር ዛፉን በግንዱ ይዘው ወደ ውጭ እየጎተቱ ነው። እዚህ አገር በዚያ ሰሞን ዛፍ ይጣላል፤ በሕንፃው በራፍ ላይ የሌላው ሰው ሁሉ ዛፍ ተከምሯል።

ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ የጌጡ ካርቶን ተቀምጧል። ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።

ዛፉ ሳያጌጥ ነበር የከረመው...

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የዛፉን ጫፍ ያዝኩና ወደ ውስጥ ገፋሁ። እሳቸው ወደ ውጭ ይጎትታሉ፣ እኔ ወደ ውስጥ እገፋለሁ።

«ናይን! ናይን!» አልኩ። «ሞርገን... ቫይናክተን!»

አይሆንም፣ ነገ ገና ነው ማለቴ ነበር። የማውቃት ጀርመንኛ ይህችው ናት።

ሽማግሌው አበደ ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ቤዚና ፀደይ ከኋላዬ እየሮጡ ደረሱ። ቤዚ ስለ ፖስታውም ስለ ዳዊቱም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ፍራው ኬርበር ግንዱን ለቀቁት። የሆነ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«‹የጠላችሁኝ መስሎኝ ነበር› አሉ። ደግሞ... ‹ሽንኩርቱ ዘንድሮ ለምን አልሸተተኝም?› ይላሉ። ባላቸው በየዓመቱ መስኮት ከፍተው ይጠብቁት ነበር አሉ።»

ቀና ስል ውድነሽ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አባዬ፣ ፎጣውን ላንሳው?»

«አንሺው ልጄ... አንሺው።»

ወገኖቼ... ፍርሃት ማንበብ አይችልም፣ ግን ያላነበበውን ይተረጉማል። እኔ ቤቴን ልጠብቅ ብዬ በአንዲት ሐዘንተኛ ላይ በር ዘጋሁ። ያልገባችሁን ወረቀት ከመደበቃችሁ በፊት አስነብቡት።

እናንተስ... ፈርታችሁ ሳትከፍቱት የቀረ በር አለ? ከማዶው ማን ቆሞ እንደነበረ በኋላ አወቃችሁ?

ከታች ጻፉልኝ... ከእንግዲህ የተጻፈልኝን አልደብቅም።