ቀስ ብለሽ ልቀቂ

ከተጋቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባሏ ሥራ ሲሄድ የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፍባታል፤ ቤት ሲውል ደግሞ ከውስጥ፤ ቁልፉ ከኪሱ አይለይም። "ሌባ በዝቷል" ይላታል።

ያን እሁድ የገጠር ሞተር ሳይክሉ የፍሪሲዮን ገመድ ላልቶ አስቸገረው። ጋራዡ ዝግ ስለነበር በወጥ ቤት ቢላዋና ባረጀ ፒንሳ ራሱ ሊያጠብቀው ተነሳ። እጁ አልበቃ ሲለው እሷን ሞተሩ ላይ አስቀመጣት።

"ፍሪሲዮኑን በግራ እጅሽ ጨብጪ። አንደኛ ማርሽ አስገቢ። አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ።"

ሞተሩ ተንዘፈዘፈና ጠፋ። ገመዱን ትንሽ ወጠር አድርጎ እንደገና አስሞከራት። እስከ ቀትር ሃያ ጊዜ ያህል ጨብጣ ለቀቀች። በመጨረሻ ሞተሩ ከጓሮ እስከ በሩ ድረስ ይዟት ሄደ።

"ያዘ" አለ ደስ ብሎት። "እጄ ግራሶ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ከኪሴ አውጪና በሩን ክፈቺልኝ። ታጥቤ እወጣበታለሁ።"

ከፈተችለት። ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ቧንቧው ሄደ። ፊቱን በሳሙና ሲያሽ እሷ ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ይዛ ሞተሩን ገፍታ አወጣች።

"አንቺ፣ በሩ እኮ ከውጭ ተቆልፏል" አለ ከውስጥ፣ የማታውቅ ይመስል።

ጨበጠች። አንደኛ ማርሽ አስገባች። ከዚያም ልክ እንዳስተማራት ቀስ ብላ ለቀቀች።