እያወቀ

የከሳሹን ሚስት የነጠቀው የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን አሳምሮ ችሎት ቆሟል። ከሳሹ ቋጠሮውን ሲያይ የማን እጅ እንደሆነ ለየው፤ ለእሱም ሚዜ በሆነ ቁጥር እንዲሁ ነበር የምታስርለት።

«ሕጉ የሚያስጠይቀው ባለትዳር መሆኗን እያወቀ የወሰዳትን ሰው ነው» አሉ ዳኛዋ። «ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅም፣ ክቡር ፍርድ ቤት? ፀሐይ የሞቀው ትዳር እኮ ነው!»

ሥራ አስኪያጁ አንድ ቅጽ አቀረበ። ሴትየዋ ሆቴሉ ውስጥ ስትቀጠር ተያዥ የሆነላት ሰው የሞላው ነው። ያን ጊዜ ሆቴሉ ያገባች ሴት አይቀጥርም ነበር።

ዳኛዋ ጮክ ብለው አነበቡት። «የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባች። የተያዥ ዝምድና፦ ወንድም።»

ከመነጽራቸው በላይ ከሳሹን አዩት።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»