የተቆለፈው ኪኒን

በዚያ ዘመን አንድ መድኃኒት ጎጂ ነው ተብሎ በዜና ከተነገረ የየቤቱና የየፋርማሲው መድኃኒት ሣጥን ራሱን ይቆልፍ ነበር፤ ሊሰብሩት ቢሞክሩ ደግሞ ውስጡ ያለውን ያቃጥለው ነበር። የትርንጎም ሣጥን የልጇን የማስተዋልን የሚጥል በሽታ ኪኒን እንደያዘ ተቆለፈ። ትርንጎ ዜናው የጠቀሰውን ጥናት ለሠሩት ሐኪም ደወለች።

«እኛ ያልነው ምናልባት ሊጎዳ ይችላል፣ ገና ይጣራ ነው» አሉ ሐኪሙ እያፈሩ። «ገዳይ ነው ያለው ዜናው ነው።»

«እባክዎ ያስከፍቱልኝ!»

«አዲስ ጥናት ካልወጣ አይከፈትም እህቴ። ዓመታት ይፈጃል።»

ትርንጎ የጠረጴዛውን ማዕዘኖች በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለለች። ማስተዋል ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይታ፣ «እማዬ፣ የአክስቴ ሕፃን ሊመጣ ነው? ጭንቅላቱን እንዳይመታው ነው?» አለች ደስ ብሏት። ትርንጎ አቀፈቻት። እዚያው እቅፏ ውስጥ የልጅቷ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።