ወርቄ በመስኮት የሰለለችው ትል

ወርቄ ተከራይዋን ኤቢሴን በሰው ፊት «መተተኛ» ብላ አዋረደቻት።

አዳማ ውስጥ... ሦስት ተከራይ በሚሰማበት ግቢ መሃል።

ነገሩ የጀመረው ከሎሚው ዛፍ ነው።

ኤቢሴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። በየማለዳው ከዛፉ ቅጠል ትቀጥፋለች... ፍሬውን አትነካም።

«ሎሚው እያለ ቅጠሉ ምን ያደርግላታል?» አለች ወርቄ።

በኤቢሴ መስኮት አጮለቀች።

ጠርሙስ... አፉ በሻሽ የታሰረ። ውስጡ የጣት ውፍረት ያለው አረንጓዴ ትል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቄ ሥራ አገኘች።

ትሉ አምስት ቀን ሙሉ ቅጠል ሲከረትፍ ሰነበተ። በስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መብላት አቆመ።

በዚያው ዕለት ባሏ ደገፋ ራቱን መለሰ። «አልራበኝም።»

ዓርብ ትሉ ሆዱን አራግፎ ጠርሙሱን ይዞር ጀመር።

ደገፋም በጠዋት ተነስቶ ግቢውን ይዞር ጀመር...

ቅዳሜ ትሉ እንጨት ላይ ወጥቶ ወገቡ በነጭ ክር ታስሮ ተገኘ።

ወርቄ ከመስኮቱ ዘወር አለች። «የታሰረውስ ባሌ ነው።»

የኤቢሴን በር በርግዳ ገባች፤ እጇን ይዛ ግቢው መሃል አወጣቻት።

«ማን ላከሽ? ደገፋ ምን አደረገሽ?»

«እትዬ፣ ለተማሪዎቼ ነው። ቢራቢሮ ሊሆን ሲል ምግብ ያቆማል፣ ሆዱን ያጸዳል፣ ቦታ ፈልጎ ወገቡን በገዛ ክሩ ያስራል። ከዚያ ቆዳውን ይገፋል።»

«እኔን ነው የምታስተምሪኝ? አንቺ መተተኛ... ነገ ቤቴን ለቀሽ ውጪ።»

ግቢው ሁሉ፣ ደገፋም ጭምር፣ ወጥቶ ያያል።

ኤቢሴ ደገፋን አየችው። ደገፋ መሬት መሬቱን አየ።

«አሃ... ሌላም አለ ለካ» አለች ወርቄ።

ደገፋ ያኔ ተነፈሰ።

«ሐሙስ ዕለት ከሞጆ ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ ወደቅኩ። በባጃጅ ክሊኒክ ያደረሰችኝ ይቺ ልጅ ናት። ስኳር አለብህ ተባልኩ። ምግብ ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ አሉኝ። አንቺ ወንድምሽን በዚሁ በሽታ ቀብረሽ ዓመት አልሞላሽም... እንዳትነግሪያት ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ።»



«ልጄ... ቅሪልኝ» አለች ወርቄ።

ወገኖቼ፣ የማናውቀውን ነገር ሁሉ መተት ማለት ይቀለናል። የሚያሳፍረን መጠየቅ ነው።

እናንተ በኤቢሴ ቦታ ብትሆኑ ትቀሩ ነበር ወይስ ትወጡ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

እሷ ግን ሻንጣዋን እየዘጋች እንዲህ አለች...

«እትዬ ወርቄ፣ የእኔን ትል ስምንት ቀን ሙሉ በመስኮት ጠበቁት። ባለቤትዎ ራታቸውን ሲመልሱ ግን አንዴ እንኳ ምን ሆንክ አላሏቸውም።»