ቀጠሮ ያላከበረው ብስክሌተኛ

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ሐሙስ ጥዋት ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ብስክሌት ገጫቸው። ዘመኑ ወጣቱ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና የሚለቀምበት ነበር። እማሆይ ከመራዊ መጥተው ባሕር ዳር የሚኖሩት አስተማሪ ልጃቸው የብርጓል ዘንድ ነው። በዚያ ጥዋትም የብርጓል አጠገባቸው ነበረች።

ገጪው አስናቀ ይባላል። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነው፤ የሌሊት ተረኛነቱን ጨርሶ በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤቱ ይገሠግሣል። እማሆይ መንገዱ መካከል ሲደርሱ አያቸውና መሪውን በኃይል ጠመዘዘው። የኋላው ጎማ ግን አልሳታቸውም። እሳቸው በእጃቸው ላይ ወደቁ። እሱም ተሽቀንጥሮ ከዘንባባው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አረፈ።

የብርጓል ጮኸች። ጩኸቷን ሳትጨርስ አስናቀ ተነሥቶ እማሆይ አጠገብ ተንበርክኳል።

«ይማሩኝ እማሆይ! ስምዎ ማን ነው?»

«ወለተ ሩፋኤል። አይዞህ ልጄ፣ እጄን ነው እንጂ ሌላ አልተጎዳሁም።»

ጋሪ አስቆመ። እማሆይን እንደ ሕፃን አቅፎ አስቀመጣቸው፤ ራሱ ጎማው የተጣመመውን ብስክሌት እየጎተተ በእግሩ ተከተለ። የብርጓል ከጋሪው ላይ ሆና ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። በየማዕዘኑ ታጥፎ የሚሰወር ይመስላት ነበር። ወንድሟ ሀብተ ሥላሴ ከገበያ ተይዞ ወደ ጦር ግንባር ከተጫነ ወዲህ፣ ዞር ያለ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብላ አታምንም።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ድሬሰሩ የእማሆይን እጅ ዳሰሰና ተሰብሯል አለ። ቀና ብሎም አስናቀን አየው።

«አንተስ? አብረህ ወድቀህ የለም?»

«እኔ ምንም አልሆንሁም።»

«እሱ ምን ይሆናል!» አለች የብርጓል። «ይልቅ እናቴን እይልኝ!»

አስናቀ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ወደ የብርጓል ዞረ።

«እትዬ፣ የእማሆይን ስም ማን ነበር ያሉኝ?»

ነገረችው። አጥንቱ ሲጎተት እማሆይ ቃተቱ፤ እሱም ከሳቸው ጋር ፊቱን አኮማተረ። ወዲያው ብድግ ብሎ ወጣ። የብርጓል በመስኮት ብትመለከት ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ያስመልሳል። አፉን እየጠረገ ተመለሰ።

«በባዶ ሆዴ ስለ ሠራሁ ነው» አለ። አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና፣ «የእማሆይ ስም ማን ነበር?»

«ትቀልድብኛለህ?»

አቀርቅሮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ፈርቷል፣ አለች በልቧ። የፈራ ሰው ደግሞ ይሸሻል።

እጃቸው በጄሶ ታስሮ እማሆይን ቤት አደረሷቸው። አስናቀ ሳትጠይቀው የቀበሌ መታወቂያውን ከኪሱ አወጣ።

«ነገ በሁለት ሰዓት መጥቼ አያቸዋለሁ። እስከዚያ ይኸ እርስዎ ዘንድ ይቆይ።»

በዚያ ዘመን ያለ መታወቂያ መንገድ ላይ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ሁለቱም ያውቃሉ። የብርጓል ግን ተቀበለችው።

«እኔን ለማዳን ብሎ ነው የወደቀ» አሉ እማሆይ እሱ ሲወጣ። «ዓይኑም የሀብተ ሥላሴን ይመስላል።»

ዓርብ የብርጓል ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሆነ። እማሆይ በደኅናው እጃቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ይመጣል» አሉ።

«ሀብተ ሥላሴንም ይመጣል ሲሉ ሁለት ዓመት ሞላዎት» አለች፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ቆጫት። እማሆይ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መታወቂያውን ይዛ ወደ ቀበሌዋ ሄደች። አካሉ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ፎቶግራፉን አገላብጦ አየ።

«መታወቂያውን ጥሎ የሚጠፋ ሰው፣ ሌላ ሳይኖረው አይቀርም» አለ። «ክሱን ከፈረምሽ ይፈለጋል። የተያዘ ዕለት ግን እስር ብቻ እንዳይመስልሽ። ቀጥታ ወደ ግንባር ነው የሚጫን። ትፈርሚያለሽ?»

የብርጓል እስክሪብቶውን እንደ ያዘች ቆመች። ወንድሟ መኪናው ላይ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝ ታያት። ቀጥሎ ደግሞ የእናቷ ማቃሰት ተሰማት።

ፈረመች።

አካሉ ጠመንጃውን አንግቶ አስናቀ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሽምብጥ መራ። ሐይቁ በቀኝ በኩል ጸጥ ብሎ ተኝቷል። የብርጓል የምትናገረውን ታሰናዳ ነበር። እናቴን አታለልሃቸው፣ ትለዋለች። እኒያ ምስኪን መነኩሴ ከጥዋት ጀምረው በር በር ሲያዩ ዋሉ፣ ትለዋለች። ምን ብሎ እንደሚመልስላት ለማየት ቸኩላለች።

መታወቂያው ላይ የተጻፈውን የቤት ቁጥር አገኙት። ግቢው ጭር ብሏል። በሩ ተዘግቷል። አካሉ ሦስት ጊዜ በሰደፍ መታው፤ የመለሰለት የለም።

«አልሁሽ» አለ። «ቤተሰቡንም ይዞ ነው የጠፋ።»

የብርጓል ልክ በመሆኔ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። እናቷን ምን ብላ ትነግራቸዋለች?

ከጎረቤት አጥር ላይ አንዲት በምርኩዝ የቆሙ አሮጊት ብቅ አሉ።

«እማማ፣ አስናቀ የሚባለው ሰው የት ሄደ?» አለች የብርጓል መታወቂያውን ከፍ አድርጋ።

«ትናንት ራሴን አመመኝ ብሎ እንደ ተኛ ሳይነቃ ቀረ፣ ልጄ፤ አሁን ሁሉም ቀብር ላይ ናቸው፣ ፈጠን ካላችሁ አፈር ሳይለብስ ትደርሱበታላችሁ።»