እጅ አናት ላይ

ኦሪን ጠረጴዛውን በቡጢ ደበደበ። ሳህኑ ውስጥ ያለው ቺፕስ ነጠረ።

«ክፈቱ! በመስፍኑ ስም ክፈቱ!»

«አለቀልን» አለ ታከር፣ አፉ እንደ ሞላ። የኦሪን የእህቱ ልጅ ነው፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው በሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ሌባ። «እኔ በመስኮት ዘልያለሁ።»

«በየትኛው እግርህ?» አለችው ጓደኛቸው ናዲን። «ሁለቱንም ሰብረህ እኔ አይደለሁ እንዴ ተሸክሜህ የመጣሁት?»

እሁድ ከሰዓት ነው። ከውጭ በረዶ የሚጠርገው መኪና የዱሉዝ ከተማን ዳገት እየፋቀ ይወጣል። እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ሦስቱ ወጣቶች ያሉት አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ ደጁ በወታደር ተከቧል፤ ከወለሉ ሥር የጭራቅ ልጅ ተደብቋል። ታከርን ከወንዝ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። ወታደሮቹ ካገኙት ያቃጥሉታል። በጨዋታው መጽሐፍ ጭራቅ ሁሉ ክፉ ተብሎ ስለተጻፈ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃቸውም።

ታከር መቆም አይችልም። ናዲን ቀስተኛ ናት፤ ፍላጻዋ አልቋል። የቀረችው ሲግሪድ የምትጫወታት ባለመሐላ ብቻ ናት፤ ላትዋሽ የማለች ባለሰይፍ።

ሲግሪድ የኦሪን ልጅ ናት። ይህን ጨዋታ ስትጀምር እያንዳንዱን በር ከመክፈቷ በፊት ቀና ብላ አባቷን ታይ ነበር። እሱ ደግሞ ተረቱን የሚተርክና ሌሎቹን ሰዎች ሁሉ የሚሆን የጨዋታው መሪ ነውና ፊቱን እንደ ግድግዳ ያደርግባት ነበር። ባለመሐላዋ አብራት አደገች። ጠባይዋ በሲግሪድ ወረቀት ላይ ከስሟ ሥር በእርሳስ ሰፍሯል፤ «ሕግ አክባሪ፣ ደግ»። ዋሽታ አታውቅም። የዋሸች ቀን የሰይፏ ብርሃን ይጠፋል፤ ተመልሶም አይበራም።

ኦሪን ድምፁን አጎረነነ። አሁን የወታደሮቹ ሻምበል ነው።

«እመቤቴ! እርስዎ ነዎት እንዴ? እርስዎ ካሉማ ቤት መበርበር አያስፈልገኝም። የባለመሐላ ቃል ይበቃኛል። የጭራቁ ግልገል እዚህ አለ?»

ታከር ወደ ሲግሪድ ጆሮ ተጠጋ። «ጠዋት ወንዝ ዳር አይተነዋል በይው። እውነት ነው እኮ! አልዋሸሽም፣ እሱም ወደዚያ ይሄድልናል።»

«ማነው እዚያ የሚያንሾካሹከው?» አለ ሻምበሉ።

ታከር ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ኧረ አጎቴ! ለሷ እኮ ነው የነገርኳት!»

«እጅህስ የት ነበር?» አለችው ናዲን እየሳቀች።

በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው በገዛ ራሱ መናገር ሲፈልግ እጁን አናቱ ላይ ይጭናል። ካልጫነ፣ ከአፉ የወጣው ሁሉ በዚያኛው ዓለም ተነግሯል፤ ቀልድም ቢሆን። ደንቡን ያወጣው ኦሪን ነው። ታከር አንድ ጊዜ «ንጉሡ ዶሮ ይመስላል» ብሎ የታሰረው በዚሁ ደንብ ነው።

«ስለ ወንዝ ዳር አልጠየቅሁም፣ እመቤቴ» አለ ሻምበሉ። «እዚህ አለ ወይስ የለም?»

ኦሪን ከካርቶን መከለያው ጀርባ የወታደሮቹን ምስሎች አሰልፎ ጨርሷል። ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ሰይፍ ትመዛለች ብሎ አስቦ ነበር። ሁለቱም መሐላዋን አይነኩም። የጭራቁን ልጅም አያድኑትም፤ ወታደሮቹ ብዙ ናቸው።

ሲግሪድ ቀና አለች። ያየችው ግን አባቷን አልነበረም፤ ሻምበሉን ነበር።

«የለም» አለች።

ታከር ማኘኩን አቆመ።

ኦሪን የሻምበሉ ድምፅ ጠፋበት። «ማነው ያለው?» ሲል ጠየቀ፣ በገዛ ድምፁ። «አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?»

እንዲህ ብሎ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ታከርን እንኳ የዶሮውን ቀን አልጠየቀውም። እያዳላ መሆኑን ያውቃል፤ ግን አፉ ቀደመው።

«ረስታ ነው!» አለ ታከር። «ሲግ፣ እጅሽን ጫኚ! ቶሎ በያ!» የራሱን እጅ አናቱ ላይ ጭኖ ያሳያታል።

የሲግሪድ ሁለት እጆች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ነበር። አላነሳቻቸውም።

«እሷ ናት» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የሰይፏን ብርሃን ለማብራት የምትጥለውን ባለቁጥር ቢጫ ዳይስ በአንድ ጣቷ እየገፋች በመከለያው ጎን አሳለፈችለት።

ኦሪን ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ» አለ ሻምበሉ፤ «እርስዎን ደግሜ በመጠየቄ አፍሬያለሁ።» በጣቶቹ ጠረጴዛውን እየመታ ፈረሶቹን አራቃቸው፤ ኮቴያቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«ተመልሶ አይበራም እኮ» አለች ናዲን።

«አውቃለሁ።»

ሲግሪድ ላጲሷን አንስታ «ሕግ አክባሪ» የሚለውን ፋቀች፤ ፍርፋሪውን እፍ አለችው። «ደግ» የሚለው ከመስመሩ ዳር ብቻውን ቀረ።

«በሉ ወለሉን አንሱ» አለች። «ይሄን ሁሉ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። አባ፣ ልጁ ምን ይላል?»

አሁን ኦሪን የጭራቁን ልጅ መሆን ነበረበት። ያስቃቸዋል ብሎ ቀጭን ድምፅ አዘጋጅቶለት ነበር። አሁን ግን እንደ አባቷ ሊያናግራት ፈለገ። ሦስቱም ይጠብቁታል። ቢጫው ዳይስ በግራ መዳፉ ውስጥ ሞቋል።

ቀኝ እጁን አንስቶ አናቱ ላይ ጫነ።