ከካሜራው ፊት የቆመው

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻ ይግባ አላልኩም? ሰው አስከትለው ገቡ እንዴ?» አለች ኢንጂነሯ፣ ከግድግዳው ማዶ በድምፅ ማጉያው።

ቴክኒሺያኑ ሳቀ። «በዚች ክፍል? እኔ ራሴ ቦርጬን ሰብስቤ ነው የቆምኩት!»

ካሜራው ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ እንዲያነሳ የተሠራ ነው። ከበረዶ እጅግ ቀዝቅዘው ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች መሰናክል የሚፈስባቸው መመርመሪያዎቹ ኢምንት ሙቀት አያመልጣቸውም። ወደ ቴሌስኮፑ ከመውጣቱ በፊት ታዲያ አንድ ሰው ፊቱ ይቆምና የገላው ሙቀት በስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ጥላ ይታያል። ሙቀት ከውጭ እንዳይገባ በሩ በውጭ በኩል ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው ኢንጂነሯ ጋ ነው፤ ስንት ሰው እንደገባ ከስክሪኑ ጋር ሳታመሳክር ደግሞ በሩን አትከፍትም።

«ሁለት ሰው ነው የሚያሳየኝ።»

ሃያ ዓመት ማሽን ሲፈታ የኖረ ሰው መፍራት አይወድም፤ ሲፈራ በገመድ ያሳብባል። «ገመዱ ላልቶ ይሆናል» አላት።

«እስቲ ቀኝ እጅዎን ያንሱ።»

አነሳ።

«አዎ፣ አንዱ አነሳ።» ትንሽ ቆይታ፣ «አሁን ሌላውም አነሳ» አለች።

ዞር አለ። ግድግዳውን ከለበሰው ጥቁር ስፖንጅ በቀር ምንም የለም። ማጅራቱን ግን ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሞቅ አደረገው። ተንደርድሮ በሩን ገፋ፤ አልተነቃነቀም።

«ክፈቺልኝ! እኔ ነኝ እኮ፣ የኔ ልጅ! ድምፄን አታውቂውም?»

የኢንጂነሯ ድምፅ በማጉያው መጣ።

«እሳቸውም ይህንኑ ነው የሚሉኝ፣ ጋሼ።»